ቡችላን ማሰርና ቡችላን መከለል አንድ አይደለም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ስለተጠየቀ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)




ሊቀ መንበራችን «ስለ ውሻው ጉዳይ አንድ ነገር ተናገር» ብለው ሲያዙኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እንዴት ማኅበር ተሰብስቦ ስለ ቡችላ ሽንት ይነጋገራል ብዬ ነበር። ኋላ ግን የአቤቱታውን መዝገብ አውጥቼ ሳገላብጥ ሳቄ ጠፋ። የውሻ ጠብ ከአጥር ጠብ አላነሰም። እንደምታውቁት አንዲት እናታችን የዓመት በርበሬያቸውን ሰሌን ላይ አስጥተው፣ ቡና ሊያፈሉ ገባ ብለው ቢመለሱ፣ የጎረቤት ቡችላ መሐሉ ላይ ሸንቶበት አገኙ። ስንት ዘመን እሳት ሲጫጫሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። እንግዲህ ነገሩ የቡችላ ነው ብለን የምንንቀው አይደለም።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የምናገረው አንድ ውሻ አበላሽቼ ሌላ አንድ ውሻ ካሳደግሁ በኋላ የተረዳሁትን፣ ያልገባኝንም የእንስሳት ሐኪም ጠይቄ ያወቅሁትን ነው።

ያበላሸሁትን ላስቀድም። ከዓመታት በፊት ሌባ አጥር ዘሎ ከበረንዳችን ላይ ዕቃ ወሰደብን። ታዲያ ውሻ ይኑረን ተባለና ከአንድ ወዳጄ ዘንድ አንድ ወንድ ቡችላ አመጣሁ። ዓይኑን ከገለጠ ብዙም ያልቆየ፣ ገና ጡት ያልጣለ ነበር። ስሙን መቻል አልነው። በመጣበት ቀን በሲባጎ ገመድ ከቆርቆሮው አጥር ሥር አሰርሁት። ምክንያቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ግቢው የጋራ ስለሆነ እየዞረ እንዳያቆሽሽ ነው። ሁለተኛ፣ የታሰረ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ሲባል ሰምቼ ነው። እውነትም ኃይለኛ ሆነ። ነገር ግን ለሌባው ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ሆነ።

ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ ያድራል፤ እኔም እየተነሣሁ ጫማ እወረውርበታለሁ። የሚበላውም፣ የሚተኛውም፣ የሚሸናውም እዚያችው ገመዱ በምትደርስባት ቦታ ላይ ነው። እሱ ሲያድግ ገመዱ አልተለወጠለትምና አንገቱን በላው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገመዱ ተበጠሰ። የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትገባ ባቷን ነከሳት። ጩኸቱ ሲበረክት ሰው ድንጋይ አነሣ፤ ውሻውም ክፍት በነበረው የግቢ በር ወጥቶ እብስ አለ። ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ልጅቷን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሷ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። «ውሻው ተከትቧል?» አለች። አልተከተበም። «ውሻው የት አለ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ውሻው ስለሌለ ሁኔታውን መከታተል አልተቻለምና ልጅቷ ክትባቱን በሙሉ መጨረስ ግድ ሆነባት። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ከእናቷ ጋር አብሬ እሄድ ነበር። መንገዱን በሙሉ አንድም ቃል ሳንነጋገር የሄድንበት ቀን አለ። እግዜር ይመስገን፣ ልጅቷ ደህና ሆናለች። እኔ ግን «ውሻው የት አለ?» የምትለዋን ጥያቄ አልረሳኋትም። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው። በሰፈራችን ያለ ማንኛውም ውሻ «የት አለ?» ሲባል ባለቤቱ ጣቱን ዘርግቶ «ይኸውና» ማለት መቻል አለበት።

የእብድ ውሻ በሽታ የዋዛ ነገር አይደለም። በሽታው በውሻው ምራቅ፣ በንክሻ በኩል ይገባል፤ በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጉለሌ ያለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው መሥሪያ ቤት ድሮ የፓስተር ኢንስቲትዩት ስለነበረ፣ አካባቢው እስከ ዛሬ ፓስተር ይባላል። ታክሲ ላይ «ፓስተር ወራጅ አለ» ስንል የምንጠራው ሉዊ ፓስተር የሚባለውን ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነ ነው። ይህን ያህል ዘመን የታወቀ መድኃኒት እያለ በቸልተኝነት ልጅ ማጣት አይገባም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ውሻ ልለፍ። ስሟ ቡቺ ነው። ሴት ስለሆነች ብቻ ሊጥሏት ሲሉ ነው የለመንኳቸው። ግን ያን ዕለት አልወሰድኳትም። ሁለት ወር እስኪሞላት ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር አቆዩልኝ ብዬ ነው የተመለስሁ። ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት አብዝቶ ከነከሰ ወንድሙ ጮሆ ይተወዋል፣ እናቱም ትቆጣዋለች። ጥርሱን መግታት የሚማረው እዚያ ነው። ያለጊዜው ከጡት የተነጠቀ ቡችላ፣ እንደኔው መቻል፣ ይህን ትምህርት ሳይማር ይመጣል።

ከመምጣቷ በፊት ቦታ አዘጋጀሁ። ገበያ ከሚጣለው የቲማቲም ሣጥን ጣውላ ለቅሜ አንድ ትንሽ ቤት መታሁላት። መጠኑ ብትቆም ጣራው የማይነካት፣ ዞር ብላ ተዘርግታ የምትተኛበት ያህል ነው። በአራት ብሎኬት ላይ አስቀመጥሁት፤ ክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት ነው። ጣራውን ቆርቆሮ አድርጌ ከሥሩ ጣውላ ለጠፍሁበት። እንዲያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ ነው የሚሆነው። በፊት ለፊቱ ደግሞ ወርዱ ሁለት፣ ርዝመቱ ሦስት እርምጃ የሚሆን ቦታ በዶሮ ሽቦ ከለልሁ። በአንደኛው ጫፍ መኝታዋና ውኃዋ፣ በሌላኛው ጫፍ ሰጋቱራ አለ። ቦታውን ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ነው ያደረግሁት፤ ሰው ሲወጣ ሲገባ እንድታይ ብዬ ነው። በየሃይማኖታችን ውሻ ከቤት እንዳይገባ የምንፈልግ ብዙ ነን፤ ይህ ይከበራል። ቡችላ ደጅ ቢያድግ ምንም አይሆንም፤ ደረቅና ነፋስ የማይመታው፣ ሰው የማይለየው ቦታ ይሁን እንጂ።

ከልክሎ ማሳደግ ለምን ይጠቅማል? ቡችላ በተፈጥሮው የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ግቢውን በሙሉ ከለቀቃችሁለት አንዱን ጥግ መኝታ፣ የእትዬን ደጃፍ ሽንት ቤት ያደርገዋል። ጠበብ ባለ ቦታ ከሆነና በሰዓቱ ከወጣ ግን መታገሥን ይለምዳል። ትዕግሥቱ ልክ አለው። ሐኪሙ የነገሩኝ ግምት ለአንድ ወር ዕድሜ አንድ ሰዓት ነው። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ቀን ሁለት ሰዓት፣ የሦስት ወር ሦስት ሰዓት ያህል ይችላል። ከዚያ በላይ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ቢዘጋበት ሳይወድ መኝታው ላይ ይሸናል፤ አንዴ መኝታው ላይ መሽናት ከለመደ ደግሞ ማስተዉ ይከብዳል። ስለዚህ ቀን የሚውልበት ሰጋቱራ ያለበት ሰፋ ያለው ክልል ነው፤ ሣጥኑ የመኝታና የአጭር ጊዜ ነው። ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ቤትም ሰው የሌለው ቢሆን፣ የእኔ ምክር ለጊዜው ቡችላ አይውሰድ ነው። ይህ በተለይ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ላሉት ወገኖቻችን ነው። በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዘጋበት ቡችላ እሱም ይሠቃያል፣ ከታች ልብስ ያሰጣውም ሰው ይሠቃያል።

ትምህርቱ ራሱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አለመሰልቸት ነው። ቡችላ የሚሸናበት ሰዓት የታወቀ ነው። ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ ሊተኛ ሲልም ነው። መሬቱን ማሽተትና መዞር ከጀመረም ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። እኔ ጧት 12 ሰዓት ተነሥቼ ቡቺን አቅፌ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ እወስዳት ነበር። ከቧንቧውም፣ ከማንም ደጃፍም የራቀ፣ አፈር ያለበት ጥግ ነው። ዝም ብዬ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። እንደጨረሰች ወዲያውኑ «ጎሽ!» ብዬ ቁራሽ ዳቦ እሰጣታለሁ። ወዲያውኑ ነው ያልሁት። ቤት ገብቼ ዳቦ ፈልጌ ብመለስ ለምን እንደተሰጣት አታውቅም። ዳቦው ከኪስ መሆን አለበት። ባትሸና ወደ ክልሏ መልሼ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና አወጣታለሁ።

ምግቧም በሰዓት ነበር። በሰዓት የበላ በሰዓት ይወጣል። በሁለት ወሯ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ እንሰጣታለን። ቀኑን ሙሉ ሳሕኑ ሞልቶ የሚውልለት ቡችላ መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? እንጀራ ከተቀቀለ ሳንባ ጋር ይበላል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን አትስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። የላም ወተት ብዙዎቹን ቡችሎች ያስቀምጣል፤ የታመመ ሆድ ደግሞ ሥርዓት አይማርም።

ስሕተት ሲሠራስ? ይሠራል። ቡችላ ነው። ሲሸና ከደረሳችሁበት እጃችሁን ጨብ አድርጋችሁ አቋርጡት፣ አንሥታችሁም ወደ ቦታው ውሰዱት፤ እዚያ ሲጨርስ ጎሽ በሉት። ከሸና በኋላ ከደረሳችሁ ግን ዝም ብላችሁ ጥረጉ። አፍንጫውን በሽንቱ ማሸት የሚባለውን ልማድ እንተው። እኔም በመቻል ላይ አድርጌዋለሁ። ቡችላው ከዚህ የሚማረው «ሰው እያየ መሽናት ያስደበድባል» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ተደብቆ ከምጣዱ ኋላ፣ ከአልጋ ሥር ይሸናል እንጂ አይተውም።

ያቆሸሸውን ቦታ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ከዚያ አቼቶ በውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። ሽታው ካልጠፋ ያው ሽታ ነገም ይጠራዋል። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ደረት የሚጎዳ ሽታ ያወጣል። በረኪናና አቼቶንም በአንድ ላይ አትደባልቁ፤ ይህም አደገኛ ነው።

ስለ ሌሊት ልቅሶው ብዙ አቤቱታ ስለመጣ አንድ ሁለት ቃል ልጨምር። ቡችላው የሚያለቅሰው እናቱንና ወንድሞቹን አጥቶ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ናቸው የሚከብዱት። እኔ ቡቺን ሳመጣ እናቷ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ አብሬ ለመንሁ። ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስተኛሁላት። ሣጥኑንም ለጥቂት ሌሊት እኛ ከምንተኛበት መስኮት ሥር አቀረብሁት። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ጊዜ አወጣታለሁ፤ ያለ ጨዋታ፣ ያለ ወሬ፣ ሸንታ ትመለሳለች። በጮኸች ቁጥር እየሮጡ ማውጣት ግን ጩኸትን ማስተማር ነው፤ ጋብ ስትል ነው መሄድ። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ለጎረቤቶቼ ሁሉ በየቤታቸው እየዞርሁ «ቡችላ መጥቶብኛል፣ ለጥቂት ሌሊት ታገሡኝ» አልኋቸው። አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል፤ ጎረቤትም ቀድመው ከነገሩት ብዙ ይችላል።

ክልሉ የቅጣት ቦታ መሆን የለበትም። ምግቧን እዚያው ስጡ፣ አጥንቷንም እዚያው። መጀመሪያ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ራሷ እንድትገባ ተዉ። የተቆጣችሁ ዕለት እየጎተታችሁ የምታስገቡበት ከሆነ ግን ክልል መሆኑ ቀርቶ እስር ቤት ሆነ ማለት ነው።

መከለል ማለት ከሰው መሰወርም አይደለም። ቡችላ እስከ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ያየውን ነገር ሳይፈራ ይለምዳል፤ ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል፣ የፈራውንም ይነክሳል። ስለዚህ ቆራሌው ሲጮህ፣ እማማ ጃንጥላቸውን ሲዘረጉ፣ አህያ ጭኖ ሲያልፍ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ያን ጊዜ ማየት አለባት። እኔ ክትባቷን እስክትጨርስ የባዘኑ ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አላስቀምጣትም ነበር፤ በእጄ አቅፌ ነው የማሳያት። የሰፈር ልጆችንም እናስተምር። ስትበላና ስትተኛ አይነኳትም።

ገመድ ከናካቴው አያስፈልግም አልልም። ውጭ ስትወጡ ያስፈልጋል። ሲባጎና ሽቦ ግን አንገት ላይ አይገባም። ሰፋ ያለ የአንገት ማሰሪያ ይሁን፤ ሁለት ጣት በቀላሉ የሚያስገባ፣ በየሳምንቱ የሚታይ። ቡችላ በየሳምንቱ ያድጋል።

ስለ ዓይነ ምድሩም ሳልናገር አላልፍም። ቡችላ ከእናቱ ማኅፀንና ጡት ጀምሮ የሆድ ትል ሊኖረው ይችላል። የትሉ ዕንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር አፈር ላይ ይቀራል፤ በዚያ አፈር የሚጫወተው ልጃችን ነው። ስለዚህ የትል መድኃኒቱን ከሐኪም ጠይቃችሁ ስጡ፤ ዓይነ ምድሩንም በአካፋ ዕለት በዕለት አንሡ። በበዓል ቀን የምናርደውን በግና በሬም አስቡ። ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ ከተጣለ፣ ውሻው ሆድ ውስጥ ሌላ ትል ይሆናል፤ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ተመልሶ በጉበታችን ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ሦስት ወር ሲሞላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጠው፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀጠሮ በየዓመቱ ይደገም። ካርዱን ከእድር ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ያን ጊዜ አይጠፋም።

ውሻ ሰው ከነከሰ ደግሞ፣ የማንም ውሻ ይሁን፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠልና ቡና አትነስንሱበት። ጸበል የሚፈልግ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን እንዳይተው፣ ቀጠሮም እንዳያፈርስ። ባለቤት ያለውን ውሻ በድንጋይ አትግደሉት፤ ለአሥር ቀን ተዘግቶ በሐኪም ምክር ይታያል። በአሥሩ ቀን ውስጥ ጠባዩ ቢለወጥ ወይም ቢሞት ወዲያው ለጤና ጣቢያውና ለእንስሳት ሐኪሙ ይነገራል። ክልል ያለው ውሻ ለዚህም ነው የሚጠቅመው። «የት አለ?» ሲባል «ይኸውና» ይባላል።

በመጨረሻም ለቃለ ጉባዔው የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጋራ ግቢ ያለን ሰዎች ቡችላ ከማምጣታችን በፊት ለግቢው ነዋሪ እንንገር።
ሁለተኛ፣ ሁለት ወር ያልሞላው ቡችላ ከእናቱ አንለይ።
ሦስተኛ፣ ክልሉ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ይሠራ፤ የግቢ በርም ይዘጋ።
አራተኛ፣ ባለቤት የውሻውን ቆሻሻ ራሱ ያንሣ።
አምስተኛ፣ የክትባቱን ካርድ ለማኅበሩ ያሳይ፤ እኔ በመዝገብ እይዛለሁ።
ስድስተኛ፣ ሴት ቡችላ ናት ብሎ ወንዝ ዳር መጣል ይቅር። የዛሬዋ የተጣለች ቡችላ የነገዋ የባዘነች ውሻ ናት። መውለዷን የማይፈልግ ሰው ስለ ማምከን ሐኪም ያነጋግር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቡችላ ጥቂት ወር ቢያስቸግር ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው አብዛኛው ቦታውን ያውቃል፣ አንዳንዱም ትንሽ ይዘገያል። በእነዚያ ወራት ያልደከመ ሰው ውሻው እስኪሞት ድረስ ይደክማል፤ ጎረቤቱንም ያደክማል። ቡቺ ዛሬ ክልል አያስፈልጋትም። ግቢ ውስጥ ፈታ ብላ ትውላለች፤ የማንም ደጃፍ አትደርስም፣ ማታ ግን እንግዳ ኮቴ አታሳልፍም። የዶሮ ሽቦውና ሣጥኑ ሥራ ፈትተው ቆመዋል፤ ቡችላ የሚያመጣ ሰው መጥቶ ይዋሰኝ። የቡችላው ባለቤትም፣ የበርበሬውም ባለቤት ዛሬ እዚህ ስላሉ፣ የመጀመሪያው ተዋሽ ማን መሆን እንዳለበት እኔ አልናገርም። ሽቦውን ግን ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ ቡናውን እናታችን ያፈሉልናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ